ሴንት ኦገስቲን፦ ልጁን ፍለጋ የመጣው ገዥ

ከአትላንታ ወደ ፍሎሪዳ ነድተን የወረድነው ለቢች ነበር፣ እኔ ግን ሴንት ኦገስቲን እንደገባን አንድ ሰውዬ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ፔድሮ ሜኔንዴዝ ደ አቪሌስ ይባላል፣ ሀውልቱ ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት አለ። በ1519 ሰሜን ስፔን ውስጥ አቪሌስ ከተማ የተወለደ፣ ዘሩ ከመኳንንት ሀብቱ ግን እምብዛም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ባህር ላይ የኖረ ሰው ነው። በ1565 ንጉስ ፌሊፔ 2ኛ ፍሎሪዳን ያዝና ግዛ፣ ወጪውን ግን አብዛኛውን አንተው ቻል ብሎ ላከው።

ለምን እሺ አለ? ሹመቱም ጥቅሙም እንዳለ ሆኖ ልጁም አለበት። ሁዋን የሚባለው ልጁ በ1563 ከሜክሲኮ ሲመለስ ቤርሙዳ አካባቢ ከነመርከቡ ጠፍቶ ነበር፣ አባትየው ምናልባት ፍሎሪዳ ዳርቻ ተርፎ ይሆናል ብሎ ሲፈልገው ኖረ፣ አላገኘውም። እዚህ ድረስ አንጀቴን በልቶት ነበር።

ከዛ ማታንዛስ የሚባለው ምሽግ ሄድን፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ትንሽ ነድታችሁ ነው፣ ጀልባው በነጻ ያሻግራል። ምሽጉ ሜኔንዴዝ ከሞተ ብዙ ቆይቶ በ1740ዎቹ የተሰራ ነው፣ ግድግዳውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ድንጋዩ በሙሉ የተጣበቀ የዛጎል ስብርባሪ ነው። ታሪኩ ያለው ግን አሸዋው ላይ ነው። ወጀብ መርከባቸውን የሰበረባቸው ፈረንሳዮች፣ ፕሮቴስታንቶች፣ ርቧቸው እዚህ እጃቸውን ሰጡት። አስር አስር እያደረገ በጀልባ አሻገራቸውና ከአሸዋው ክምር ጀርባ እጃቸውን የፊጥኝ አሳስሮ አሳረዳቸው፣ አዛዣቸውን ዣን ሪቦን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰው! ካቶሊክ ነን ያሉትንና ጥቂት ሙዚቀኞችና ባለሙያዎችን ብቻ ማረ።

አብራን የነበረችው ጓደኛዬ "ልጅ የጠፋበት ሰው እንዴት የሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያደርጋል" አለች። እርግጥ ለስፔኖቹ እነዚህ መናፍቅም የባህር ወንበዴም ናቸው፣ ፈረንሳዮቹ ፍሎሪዳ ላይ የሰሩት ምሽግም ወርቅና ብር የጫኑት የስፔን መርከቦች የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነበር፣ ሜኔንዴዝም ለራሱ ሰዎች የሚበቃ ቀለብ አልነበረውም። ይሄ ሁሉ ገብቶኝም እጅ የሰጠ ሰው ማረድ አልዋጥልህ አለኝ።

ሜኔንዴዝ በኋላ ኩባንም ገዝቶ በ1574 ስፔን ሳንታንደር ላይ ሞተ። የተቀበረበት ሳጥን ሴንት ኦገስቲን ኖምብሬ ደ ዲዮስ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ አስከሬኑ ግን አቪሌስ ነው ያለው። ከሄዳችሁ ማታንዛስን ጠዋት አድርጉት፣ ጀልባዋ ትንሽ ናት ቶሎ ትሞላለች፣ የትንኝ መከላከያም ያዙ።