ማን ይጀምር፣ ማን ተቀይሮ ይግባ? በጅማ የሰፈር ሜዳ ያየሁት

ይህን የምጽፈው የሰፈር ቡድን ይዛችሁ ውድድር ለምትገቡ ነው። እኔ ስጀምር አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። ቡድናችን ጅማ ውስጥ ያለ ተራ የሰፈር ቡድን ነው። ደመወዝ የለም፣ ማሊያውንም አዋጥተን ነው የገዛነው። ጥያቄው ግን ትልልቆቹም ክለቦች ያለባቸው ጥያቄ ነው። አንድ ፈጣን ልጅ አለህ። ይጀምር ወይስ ተቀይሮ ይግባ?

ልጁ የቀኝ መስመር አጥቂ ነው። ኳስ ይዞ ሲነሳ የሚደርስበት ተከላካይ በሰፈር ውድድር አላየሁም። ችግሩ ከዕረፍት በኋላ ነው። 55ኛው ደቂቃ አካባቢ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። ኳስ ሲነጠቅ አይመለስም። ከኋላው ያለው ተከላካይ ብቻውን ከሁለት ሰው ጋር ይፋጠጣል። ጎል የሚገባብንም በዚያ በኩል ነው።

ሰው ሁሉ “ምርጡን ልጅ አስቀምጠህ ማንን ልታጫውት ነው?” ይለኛል። በወሰድኩት አጭር ስልጠና ላይም “ምርጥ 11ህን አስጀምር፣ ቅያሬ ለጉዳትና ለድካም ነው” ተብለናል። በዚህ አልስማማም። እንዳልስማማ ያደረገኝ ደግሞ ቤዝቦል ነው።

አሜሪካ የኖረ የአክስቴ ልጅ አለ። ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ልጁ አማከርኩት። “ይሄማ የወርዋሪዎች ጉዳይ ነው” አለኝና ቡና እየጠጣን አስረዳኝ። በቤዝቦል የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው ቡድን መቺ በዱላ ይመታል። መቺዎቹ 9 ናቸው፣ በተራ ይመጣሉ። ጨዋታው 9 ዙር ነው። ጨዋታውን የሚጀምረው ወርዋሪ አምስት ስድስት ዙር እንዲቆይ ይጠበቃል። እስከ 90 እና 100 ኳስ ይወረውራል፣ ከዚያ ለቀናት ያርፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን መቺ ሁለት ሦስት ጊዜ ያገኘዋል። መቺው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ አወራወሩን ለምዶታል፣ ወርዋሪውም ደክሟል። ለዚህ ነው የሚጀምረው ሰው ቢያንስ ሦስት ዓይነት አወራወር ያስፈልገዋል የሚባለው። ዘግይቶ የሚገባው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ዙር ብቻ ነው የሚጫወተው። ጉልበት መቆጠብ አያስፈልገውም። አንድ ወይም ሁለት ጥሩ አወራወር ካለው ይበቃዋል።

የፓናማው ማሪያኖ ሪቬራ እ.ኤ.አ. በ1995 ለኒውዮርክ ያንኪስ 10 ጨዋታ ጀምሮ ነበር፣ ብዙም አልተሳካለትም። ወደ ጨዋታው ማብቂያ ሲያዘዋውሩት ግን ሌላ ሰው ሆነ። በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኳስ እየወረወረ፣ ቡድኑ እየመራ የተረከባቸውን 652 ጨዋታዎች አሸንፎ በመዝጋት ታሪክ ሠራ። በ2019 በሙሉ ድምፅ ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ይህን ሰው “ለመጀመር ያልበቃ” የሚለው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄ ይዤ ልጁን ማየት ጀመርኩ። ያለው ጉልበት ስንት ደቂቃ ይቆያል? ተጋጣሚውስ እስኪለምደው ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ልምምድ ላይ መጀመሪያና መጨረሻ አካባቢ እያሮጥኩ በስልክ ሰዓት ያዝኩ። ልዩነቱ ማንም የሚያየው ነበር። ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ከባድ ሆነ። ልጁ ያለው አንድ ነገር ነው። ወደ ውጭ ይገፋና በመስመሩ ይሮጣል። መጀመሪያ ላይ ማንም አይዘውም። ሦስተኛው ላይ ተከላካዩ ቀድሞ መንገዱን ዘግቶ ይጠብቀዋል። ይህ ልጅ በደከመ ተከላካይ ላይ፣ ያልታየ ሆኖ መግባት አለበት። በኔ በኩል ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ።

ለልጁ መንገሩ የፈራሁትን ያህል አልከበደም። ለብቻው፣ ቤታቸው ሄጄ፣ ታላቅ ወንድሙ ባለበት ነገርኩት። ሪቬራን ስለማያውቅ የሮጀር ሚላን ታሪክ ነገርኩት። ሚላ እ.ኤ.አ. በ1990 የጣሊያን ዓለም ዋንጫ ላይ በ38 ዓመቱ ለካሜሩን አራት ጎል ሲያገባ አራቱንም ተቀይሮ ገብቶ ነው። የማንችስተር ዩናይትዱ ሶልሻየርም በ1999 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ባየር ሙኒክ ላይ የማሸነፊያዋን ጎል ሲያገባ በ81ኛው ደቂቃ የገባ ሰው ነው። ልጁ “እሺ አሰልጣኝ፣ ግን እንዳትረሳኝ” አለኝ። “አልረሳህም” አልኩት።

አሁን ወደ መጥፎው ቀን ልምጣ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነበር። ዕረፍት ላይ 1 ለ 1 ነን። አንድ አማካይ እግሩን ስላመመው በዕረፍት ሰዓት ቀየርኩት። ከዕረፍት እንደተመለስን ተከላካያችን ተጋጭቶ ወደቀ፣ እሱንም ቀየርኩ። ቆየት ብሎ አጥቂ ለወጥኩ። ለልጁ ያሰብኩት 70ኛውን ደቂቃ ነው። የነሱ ግራ ተከላካይ ቢጫ አይቷል፣ ምላሱ ወጥቷል፣ ሜዳው ገና አልጨቀየም። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ልጁ አሟሙቆ፣ ማሊያውን አስገብቶ መስመሩ ላይ ቆመ።

አራተኛው ዳኛ “ጨርሰሃል” አለኝ።

“ምኑን?”

“ሦስቱን ዕድል ጨርሰሃል። ሦስቴ ቀይረሃል።”

የውድድሩ ደንብ የተቀዳው ከዓለም አቀፉ የጨዋታ ሕግ ነው። አምስት ቅያሬ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ በጊዜያዊነት የተፈቀደ ነው፣ በ2022 ቋሚ ሆነ። አምስቱን ሰው ለማስገባት ጨዋታውን ማስቆም የሚቻለው ሦስት ጊዜ ነው። በዕረፍት ሰዓት የሚደረግ ቅያሬ ግን ከሦስቱ አይቆጠርም። ሕጉ ይህን በግልጽ ይላል። እኔ ደግሞ ጨዋታ አስቁሜ የቀየርኩት ሁለቴ ብቻ ነው። አንድ ዕድልና ሁለት ሰው ይቀሩኛል። ይህን በእርጋታ ነገርኩት። “ቅያሬ ቅያሬ ነው” አለኝ። ከኪሴ ደንቡን አውጥቼ አሳየሁት። ወረቀቱን እንኳ አላየም። ዋናውን ዳኛ ጠራብኝ። ዳኛው መጥቶ ሳይሰማኝ ቢጫ አሳየኝ። ጥላው ሥር ወደተቀመጠው ኮሚሽነር ዞርኩ። “ዳኛው ያለው ነው” ብሎ ፊቱን ወደ ሜዳው መለሰ። ጆሮ ዳባ ልበስ!

ያ ሁሉ ሲሆን ልጁ እዚያው መስመሩ ላይ ቆሟል። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም። በ86ኛው ደቂቃ ሁለተኛው ጎል ገባብን። የደከመ ነው ያልኩት ግራ ተከላካይ ነው ኳሷን ያሻገራት፣ የሚያስጨንቀው ሰው ስላልነበረ ነጻ ሆኖ ወጣ። አንጀቴ አረረ።

አቤቱታ ለማስገባት በዚያው ቀን ሄድኩ። ገንዘብ አስይዝ ተባልኩ። ገንዘቡን ይዤ ስመጣ ደረሰኝ የሚቆርጠው ሰው የለም፣ ሰኞ ና ተባልኩ። ሰኞ ስሄድ “የአቤቱታ ጊዜው አልፏል” አሉኝ። ማን ነው ያሳለፈው? ቢቸግራቸው “የዳኛ ውሳኔ አይከሰስም” አሉ። ኳሷ መስመር አልፋለች አላለፈችም የሚለው ላይ ልክ ነው፣ ዳኛው ያየው ይጸናል። እኔ የጠየቅሁት ግን ዳኛው ስላየው ነገር አይደለም። ሕጉ ውስጥ የተጻፈ ነገር ስለመጣሱ ነው። ሁለቱን የሚለይ ሰው እዚያ ቢሮ አላገኘሁም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ሰፈር ውስጥ የተወራው ነው። “አስጀምረው ብንልህ አልሰማህም።” የልጁ አባትም እንዲሁ አሉኝ፣ ለእሳቸው ቃል አልመለስኩም፣ አክብሬ ሰማኋቸው። ለሌላው ግን ዛሬም የምለው ያኔ ያልኩትን ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር። ያበላሹት ሕጉን ሳያነቡ መስመር ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ የኔ ምክር የሚከተለው ነው። ከጨዋታ በፊት አራተኛውን ዳኛ ሂዱና አናግሩት። “የዕረፍት ቅያሬ እንዴት ነው የምትቆጥረው?” በሉት፣ ኮሚሽነሩ በሚሰማበት ቦታ። ካልተስማማ ጨዋታው ሳይጀመር አስጽፉት። በዳኞቹ የማትተማመኑ ከሆነ እነሱ በሚቆጥሩት ክፉ አቆጣጠር ቁጠሩ። የመጨረሻውን ዕድል ለጉዳት ሳይሆን ለዚያ ልጅ አስቀምጡት። ሁለት ሰው መቀየር ካለባችሁ አንድ ላይ ቀይሩ። የአቤቱታውን ገንዘብም ይዛችሁ ሜዳ ግቡ፣ የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነም ቀድማችሁ እወቁ።

ሰማዩንም አይታችሁ ወስኑ። ጅማ ከሰዓት በኋላ መቼ እንደምትዘንብ አይታወቅም። ሜዳው ከጨቀየ ፍጥነት ዋጋ የለውም። ከተማው ላይ ደመና ከከበደ ይህንኑ ልጅ አስጀምረዋለሁ። ሳይዘንብ ያለውን ግማሽ ሰዓት እጠቀምበታለሁ፣ ከዚያ አስወጣዋለሁ። ረመዳን ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ግማሹ ቡድኔ ጾመኛ ነው። 9 ሰዓት በሚጀምር ጨዋታ ጾመኛ ልጅ 90 ደቂቃ አሮጣለሁ የሚል አሰልጣኝ ልጆቹን አያውቃቸውም። ጾማችሁን ፍቱ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እኔ ለሁለት ከፍዬ አጫውታቸዋለሁ፣ ግማሹ ይጀምራል፣ ግማሹ ይጨርሳል። ያኔ ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም።

ሁሉም ፈጣን ልጅ ተቀይሮ ይግባ እያልኩ አይደለም። ሌላ አማካይ አለኝ፣ ቀርፋፋ ነው፣ ሰው “ለመጨረሻው 20 ደቂቃ ነው የሚሆነው” ይለዋል። እኔ ሁሌ አስጀምረዋለሁ። አራት ዓይነት ኳስ ያቀብላል። 80ኛው ደቂቃ ላይም በ10ኛው ደቂቃ የነበረው ሰው ነው። ተጋጣሚ ሊለምደው አይችልም።

ልጁ ከዚያ ቀን በኋላ ቡድኑን ይለቃል ብዬ ሰግቼ ነበር። አልለቀቀም። አሁን ጠዋት ጠዋት ወደ ጂሬን ያለውን ዳገት ይሮጣል፣ ወደ ውስጥ ቆርጦ በግራ እግሩ መምታትም እየተለማመደ ነው። የአክስቴ ልጅ ስለ ሌላ ወርዋሪም ነግሮኛል፣ ጆን ስሞልትዝ ስለሚባል። እ.ኤ.አ. በ1996 ጨዋታ የሚጀምር ሆኖ የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተባለ። ክርኑን ቀዶ ጥገና ካደረገ በኋላ ጨዋታ ዘጊ ሆነ፣ በ2002 ብቻ 55 ጨዋታ ዘጋ። በ2005 እንደገና ወደ ጀማሪነት ተመለሰ። ይህን ለልጁ ነግሬዋለሁ። ግራ እግሩ ከሠራለትና እስከ 75ኛው ደቂቃ ከተመለሰልኝ በሚቀጥለው ውድድር ይጀምራል። ካልሆነ 70ኛው ደቂቃ የሱ ነው፣ ደንቡን ደግሞ በትልቅ ፊደል አሳትሜ ይዤ እገባለሁ።