ያልደረቀው በርበሬ

ደሴ ላይ ባልትና ስጀምር የምፈራው ገበያ ማጣትን ነበር። ትእዛዝ በዝቶብኝ እቸገራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከሁለት ልጆች ጋር በሳምንት 20 ኪሎ በርበሬ እናዘጋጃለን። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይደቃል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይታፈናል። ከዚያ ጸሐይ ላይ ይሰጣል። ሌላው ሥራ ሰው ከተጨመረበት ይፈጥናል። ማስጣት ግን የጸሐይ ሥራ ነው። ደሴ ደግሞ ጉም አያጣትም። የጦሳ ተራራ ጠዋት በጉም ከተሸፈነ ስጡን ማውጣት ትርፉ ድካም ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቴሌግራም ላይ ቅናሽ ለጠፍኩ። በኪሎ 40 ብር ቀነስኩ። ሰው ለሰው ላከው። በሦስት ቀን 110 ኪሎ ታዘዘ። ግማሹ ከኮምቦልቻ ነው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች በቡድን በቡድን ሆነው ያዘዙት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለሁሉም «እሺ፣ ለጾም ይደርሳል» አልኩ።

የበልጉ ዝናብ መጣ። ወሎ ላይ በየካቲት በልግ ሊዘንብ እንደሚችል ያደግንበት ነው፤ ዱብ ዕዳ አልነበረም። ስጡን ስናወጣ፣ ስናስገባ ሰነበትን። ቀጠሮው ሲደርስ በጣቴ ነካ ነካ አድርጌ «ደርቋል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አስፈጨነው፣ በፌስታል አሸግነው፣ ላክነው።

በዘጠነኛው ቀን ከኮምቦልቻ አንዲት እናት ደወሉ።

«ልጄ፣ በርበሬሽ ተጓጉሏል። ሽታውም አላማረኝም። ላስቀይምሽ አይደለም፣ ሌላው ሰው ሳይበላው ብዬ ነው።»

እጄ ተንቀጠቀጠ። እርጥበት ይዞ የታሸገ በርበሬ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል። ይሄ መርዝ ወጥ ውስጥ ቢንተከተክም አይጠፋም። ይህን በሥልጠና ተምሬዋለሁ። እያወቅኩ መቸኮሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደግነቱ ደንበኛ ሁሉ ከነስልኩ ደብተር ላይ ተጽፏል። አንድ በአንድ ደወልን። «አትብሉት፣ ብሩን እመልሳለሁ» አልኩ። የተቆጣ አለ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ የዘጋ አለ። በማግስቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ ከየቤቱ ሰበሰብኩ። ብራቸውን በቴሌብር መለስኩ። በርበሬውን ጉድጓድ አስቆፍረን ቀበርነው።

ማታ ደብተሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ከአንድ ኪሎ የማተርፈው 60 ብር ነበር። 40ውን ስቀንስ 20 ብር ብቻ ቀረ። እንደ ወትሮው በሁለት ሳምንት 40 ኪሎ ብሸጥ 2,400 ብር አተርፋለሁ። በቅናሹ 110 ኪሎ ሸጬ የማተርፈው 2,200 ነው። አንድ ኪሎ ባይበላሽ እንኳ ከእጥፍ በላይ ለፍቼ ያነሰ ላገኝ ነበር! ቅናሹ የሚቆረጠው ከዋጋው ሳይሆን ከትርፌ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት። ስሌቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከመለጠፌ በፊት ግን እነዚያን አምስት ደቂቃዎች አልሰጠሁትም።

አሁን የምናሰጣው ኮምቦልቻ ነው። ቆላ ቀመስ ስለሆነች ጸሐይዋ ትሻላለች፤ ትንሽ ግቢ ተከራየን። የምለጥፈውም የደረቀውን መዝኜ ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት «የደረቀ 35 ኪሎ አለ» የሚል ነበር። በሁለተኛው ቀን «አልቋል» ብዬ ጻፍኩ። ለስድስት ሰው «ለሚቀጥለው ሳምንት» ማለት ነበረብኝ። ከበደኝ፣ ግን አልኩት።

ለእኚያ እናት ሁለት ኪሎ ራሴ ይዤ ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር «አብሽሪ» ብለው አቋረጡኝ። ፌስታሉን ፈቱት። እፍኝ ዘገኑ፣ ጨበጥ አደረጉት፣ መዳፋቸውን ከፈቱ። በርበሬው ሳይጓጎል ብትን አለ።

«አሁን ደርቋል» አሉኝ።