ሰማዕቱ ሰምቶናል፤ ልጃቸው ሙዚካል ቴአትር ለሚያመለክት ወላጆች

ለቅዱስ ጊዮርጊስ አምላክ ክብር ምስጋና ይግባው። ልጃችን ሙዚካል ቴአትር (ዘፈን፣ ትወናና ዳንስ በአንድ ላይ የሚቀርብበት ቴአትር) የምትማርበት ኮሌጅ እንድታገኝ ስንሳል ሦስት ነገር ጨምረን ለምነን ነበር፦ ከአቅም በላይ ዕዳ እንዳንሸከም፣ በብርዱ ወራት ድምፅዋ እንዳይዘጋ፣ እምነቷን የሚነካ ነገር በግድ እንዳይጫንባት። «ብትሰማን እንመሰክራለን» አልን፤ እርሱም ሰማን። ቀኑም ደስ ይላል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ማረጋገጫና ዲፖዚት የሚቀበሉት እስከ ሜይ 1 ነው፤ ሜይ 1 ደግሞ ሚያዝያ 23፣ የሰማዕቱ በዓል ነው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ግን «ተመስገን» ብለን ብንቀመጥ ምንም አይረባችሁም፤ ስለዚህ ጸሎቱም ሥራውም የት የት እንደሚያስፈልግ እንንገራችሁ።

መጀመሪያ የኮሌጆቹ ዝርዝር ላይ ነው። ይህ ትምህርት እንደ ነርሲንግ በውጤት ብቻ አይገባም። ቢ.ኤፍ.ኤ. የሚባለውን የጥበብ ሙያ ዲግሪ በሚሰጡ አብዛኞቹ ቦታዎች ሁለት በር አለ፤ ኮሌጁ ትራንስክሪፕቱን ያያል፣ የሙዚካል ቴአትር ትምህርት ክፍሉ ደግሞ ኦዲሽኑን፣ ማለትም የመድረክ ፈተናውን። በአንዱ አልፎ በሌላው መውደቅ የተለመደ ነው። ክፍሉ በዓመት የሚቀበለው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 25 ልጅ ነው፣ ከሚያመለክቱት ውስጥ ሴቶች በጣም ይበዛሉ፤ የሴት ልጅ ወላጅ ይህን ቀድሞ ይወቀው። ሙሉ ኤ ያላት፣ ድምፅዋም ያማረ ልጅ የታወቁት ሁሉ እምቢ ሊሏት ይችላሉ። የሚመርጡት መድረኩን የሚሞላላቸውን ስብስብ ነው፤ የሚፈልጉት ዓይነት ድምፅ ባለፈው ዓመት ሞልቶ ከሆነ ዘንድሮ በሩ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ሚሺጋን፣ ካርኔጊ ሜለን፣ ወይም የሙዚካል ቴአትር ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረው የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ኮሌጅ ሲ.ሲ.ኤም. ብቻ ከተደረደረ ችግር አለ። ከነሱ ጋር መካከለኛዎቹ፣ በተጨማሪም ኦዲሽን የማይጠይቁ፣ ልጁ ቢገባባቸው የማይከፋው ቢያንስ ሁለት ኮሌጆች መኖር አለባቸው። ቅርብ ያለውን አትናቁ፤ ዲሲ ውስጥ ሃዋርድና ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ዊንቸስተር ቨርጂኒያ ላይ ሸናንዶዋ ትምህርቱን ይሰጣሉ። «ሌላ ሙያም ይያዝ» የሚል ወላጅ ቢ.ኤ. (ሰፋ ያለ የአካዳሚክ ዲግሪ) የሚሰጡትን ይመልከት፤ ቢ.ኤፍ.ኤ. አብዛኛውን ሰዓት በድምፅ፣ በትወናና በዳንስ ስለሚሞላው ሁለተኛ ሜጀር ለመጨመር ቦታ አይተውም።

ቀጥሎ ፕሪስክሪን ይመጣል፤ በቪዲዮ የሚላክ ማጣሪያ ነው። ብዙዎቹ ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ይዘጋሉ፤ መዝሙር አጥኚ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ጾመ ነቢያት እዚያው ላይ እንደሚገባ አስቡት። የሚጠየቀው በአብዛኛው ሁለት የማይመሳሰሉ ዘፈኖች፣ እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 ሴኮንድ፣ አንድ ወይም ሁለት ሞኖሎግ (አንድ ገጸ ባሕርይ ለብቻው የሚናገረው ንግግር)፣ እና አንድ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ዳንስ ነው። ከዘፈኖቹ አንዱ የቆየ፣ ሌላው የዘመኑ እንዲሆን የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ኮሌጆቹ የጋራ መስፈርት ስላወጡ አንዱ ቪዲዮ ለብዙ ቦታ ይሆናል፤ ሆኖም የየኮሌጁን ገጽ አንብቡ፣ ጥቂት ሴኮንድ የበለጠ ቪዲዮ መሀል ላይ ሊያቋርጡት ይችላሉ።

ቪዲዮው የሚበላሸው በውድ ካሜራ እጦት አይደለም፤ ስልክ ይበቃል። ስልኩ ወደ ጎን ይተኛና እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ይሁን፤ ብርሃኑ ከፊት ይምጣ። መስኮት ከኋላ ከሆነ የእኛ ልጆች ፊት ጥቁር ጥላ ይሆንና ዓይናቸው አይታይም፤ ትወናውን የሚያዩት ደግሞ በዓይን ነው። ሙዚቃው የሚለቀቅበት ስፒከር ከስልኩ አጠገብ ከተቀመጠ ፒያኖው ድምፅን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ልጁ ለስልኩ ከስፒከሩ ይልቅ ይቅረብ፣ ስፒከሩም ዝቅ ይበል። አሥር ሴኮንድ ቀድታችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ምርጡ ቅጂ ላይ የአክስት ጥሪ ይገባበታል። ማስተጋቢያ አትጨምሩ፣ መሀል ላይ አትቁረጡ። ለዳንስ ከራስ እስከ እግር ጣት ይታይ።

ሞኖሎጉ ከታተመ ተውኔት ይወሰድ፣ ለአንድ ሰው የሚነገር ይሁን፣ ዓይን ከሌንሱ ትንሽ ጎን ያርፍ። እዚህ ላይ የእኛ ልጆች የሚቸገሩበት ነገር አለ። በትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር ማድረግ ያደጉበት ጨዋነት ነው፤ አስተማሪዎቹ ግን ፍርሃት አድርገው ያዩታል። ቤት ውስጥ ከአጎትም ከአያትም ጋር ዓይን ለዓይን እያዩ መናገርን ያለማምዷቸው። በቪዲዮው መጀመሪያ ስም ሲናገሩም ወላጅ ያወጣውን ስም በሙሉ፣ ቀስ ብለው ይጥሩ፤ ማሳጠር አያስፈልግም።

ያለፉት በአካል ይጠራሉ፤ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ ኮሌጁ ግቢ ወይም ብዙ ኮሌጆች በአንድ ሰሞን በሚሰበሰቡባቸው በኒው ዮርክና በቺካጎ። አየር ትኬት የከበደው ቤተሰብ ኒው ዮርክን በአውቶቡስ ይምረጥ፤ የርቀት ኦዲሽን የሚቀበሉም አሉ። የማመልከቻ ክፍያ ማስቀሪያ ካለ ለፕሪስክሪኑም ይሠራ እንደሆነ በኢሜይል ጠይቁ።

በኦዲሽኑ ክፍል ውስጥ ልጅቷን ከማታውቃት ፒያኒስት ጋር የሚያገናኛት የኖታ ማህደሯ ብቻ ነው። ኖታው በሁለቱም ገጽ ታትሞ፣ በማያንጸባርቅ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ተዘርግቶ በሚቆም ማህደር ይግባ። መጀመሪያውና መጨረሻው በደማቅ ይሰመርበት፤ የሚዘለል ቦታ ካለ በእርሳስ ከመሰረዝ ገጹን አስተካክሎ እንደገና ማተም ይሻላል፤ ፒያኒስቷ በዚያ ፍጥነት ቀስት አትከተልም። ፍጥነቱን ለመንገር ሁለት መስመር በለሆሳስ ማንጎራጎር ነው፤ ጣት ማንኳኳት ነውር ነው። ፒያኒስቷ ብትሳሳት ፊት ማጥቆር የለም፣ መቀጠል ነው።

የዳንስ ፈተናው ረዥም ነው። የሚጾም ልጅ ባዶ ሆድ ላይ ሰዓታት መዝለል ካለበት ቀደም ብላችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ልጁ በራሱ ወስኖ መሀል ላይ ራሱን እንዳይስት። ለድምፅ የሚጠቅመው ውኃ፣ እንቅልፍና ከፈተናው በፊት ባለው ምሽት ዝም ማለት ነው። ሎሚና ዝንጅብል ጉሮሮን ደስ ያሰኛል እንጂ የተጎዳ ድምፅ አያድንም፤ ሻካራነቱ ከሰነበተ ሐኪም ይየው። ልጃችን ብርዱን ያለ አንዳች ጉንፋን አለፈች፤ ይህን የሰማዕቱ ጥበቃ ነው ብለን እንመሰክራለን።

ምላሹ በአብዛኛው እስከ ማርች መጨረሻ ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ የቀረው ትልቁ ነገር ገንዘብ ነው፤ ቤተሰብ የሚጎዳው እዚህ ነው። ኮሌጁ በሚልከው የዕርዳታ ደብዳቤ ላይ ብድርና በሥራ የሚገኝ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከስኮላርሺፑ ጋር ተደምሮ ይጻፋል። እነሱን አውጡ። የትምህርት፣ የመኝታ፣ የምግብና የልዩ ልዩ ክፍያውን ድምር ይዛችሁ የማይመለሰውን ዕርዳታ ብቻ ቀንሱ፤ የቀረውን በ4 አባዙት። ልጁ በራሱ ስም ከመንግሥት የሚበደረው በ4 ዓመት 27,000 ዶላር ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው ወላጅ ላይ ነው። ወላጅ ከመንግሥት የሚበደረው የወላጅ ፕላስ ብድርም ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20,000፣ በአጠቃላይ ለአንድ ልጅ 65,000 ዶላር ላይ ታጥሯል። ከዚያ ወዲያ የግል ባንክ ነው፤ በሙዚካል ቴአትር ዲግሪ የግል ባንክ ዕዳ አንመክርም።

የመንግሥት ዕርዳታ ማመልከቻው ፋፍሳ ሁለተኛ ልጅ ኮሌጅ ውስጥ መኖሩን አሁን ከግምት አያስገባላችሁም፤ ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባለውን ተጨማሪ ቅጽ የሚጠቀሙ ኮሌጆች ግን ብዙዎቹ ያዩታል። አገር ቤት ለእናት ለአባት የምትልኩት ገንዘብ በሁለቱም ቅጽ በራሱ አይቆጠርም። የገቢ መቀነስ፣ የሕክምና ወጪ፣ የሐዋላ ደረሰኝ ካለ ለዕርዳታ ቢሮው በደብዳቤ አቅርቡ፤ መቀበል ግዴታቸው ባይሆንም መጠየቅ አያስነውርም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አባል የሆኑበት አካዳሚክ ኮመን ማርኬት የሚባል ስምምነትም አለ፤ በግዛታችሁ የሕዝብ ኮሌጅ የማይሰጥ ትምህርት በሌላ አባል ግዛት በነዋሪ ዋጋ የሚገኝበት ነው፤ ፕሮግራሙ ዝርዝራቸው ውስጥ ካለ ብቻ። የእኛ መልስ በዚህ በኩል መጣ፦ በውጤት ከሚሰጠው ስኮላርሺፕ በኋላ ክፍሉ የመክሊት ስኮላርሺፕ በሌላ ደብዳቤ ላከ፤ ስሙ ብዙም ያልገነነው ኮሌጅ ከሁሉ ረከሰ።

እምነቷን የሚመለከተው ሦስተኛው ልመና መጠየቅን ይፈልጋል። «ዘፋኝ ልታደርጓት ነው?» የሚለው ወሬ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ እሱን ለንስሐ አባት ተዉት። ለክፍሉ ግን እነዚህን አንሱ፦ ተማሪ የማይስማማውን ትዕይንት እምቢ ቢል ውጤቱ ይነካል ወይ፣ የመሳሳም ትዕይንት የሚያስጠና ባለሙያ አለ ወይ፣ እሑድ ጠዋት ልምምድ ይደረጋል ወይ። ከዚያም፦ ስንት ገብተው ስንት ይመረቃሉ፣ በሁለተኛ ዓመት የሚያሰናብቱት ተማሪ አለ ወይ፣ አንደኛ ዓመት መድረክ ላይ ይወጣል ወይ፣ የግል የድምፅ ትምህርት በየሳምንቱ ነው ወይ። አስተማሪውን ብቻ አትጠይቁ፤ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ አስተማሪ በሌለበት አግኝታችሁ ጠይቁ።

ዲፖዚት የሚከፈለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ለሌሎቹ ሁሉ «አልመጣም» ብላችሁ ጻፉ። ክፍሉ ተጠባባቂውን የሚጠራው በለቀቀችው ልጅ ድምፅና ዓይነት ልክ ስለሆነ፣ መልሳችሁ እስኪደርስ ሌላ ቤት ስልክ አጠገብ የተቀመጠ ቤተሰብ አለ።