ቁጥርን በእጅ ማስያዝ

የማስተምራቸው የኬጂ ልጆች ከአንድ እስከ መቶ በቃላቸው ይወርዱታል። «ሰባት ጠጠር አምጡልኝ» ሲባሉ ግን ያገኙትን አፍሰው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ልጆች በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበትን የሞንቴሶሪ ዘዴ መሣሪያዎች ለማሠራት የተነሣሁት ለዚህ ነው። ሞንቴሶሪ ሲባል የሀብታም ትምህርት ቤት የሚታየው ሰው አለ፤ ዶክተር ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈቱት ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው።

ሰፈራችን ያለ አናጢ አሥር ዘንጎች ሠራልኝ። አጭሩ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ 1 ሜትር ሲሆን በየ10 ሴንቲው ቀይና ሰማያዊ ይፈራረቅበታል። ልኬቱ እንዳይዛነፍ አጥብቄ አሳስቤዋለሁ፤ ሦስቱና ሰባቱ ሲገጠሙ ከአሥሩ እኩል ካልሆኑ መሣሪያው ልጁን ይዋሸዋል። አኃዞቹን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጬ ጣውላ ላይ ለጠፍኩ፤ ልጆቹ በሁለት ጣታቸው እየዳሰሱ አጻጻፉን ይለምዳሉ።

ትምህርቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ «ይህ ሦስት ነው»፤ «ሦስትን አሳየኝ»፤ «ይህ ስንት ነው?» እኔ ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። «ሦስትን በሩ አጠገብ አስቀምጥልኝ፣ ሁለትን ወደዚህ አምጣ» እያልኩ አመላልሳቸዋለሁ። ሦስተኛው ላይ የተደናገረ ልጅ ካለ ሳላርመው ወደ ሁለተኛው እመልሰዋለሁ።

ከሁሉ የምወደው የእንዝርት ሳጥኑን ነው። ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ክፍሎችና ልክ 45 እንጨቶች አሉት። ልጁ በየክፍሉ የተጻፈውን ያህል እንጨት ቆጥሮ ይከታል። የዜሮ ክፍል ባዶ ይቀራል፤ ዜሮን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም። አንዲት ልጅ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ እንጨቱ አነሳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዝም አልኩ። ከአንድ ጀምራ ደግማ ቆጠረችና «ስድስቱ ውስጥ ሰባት አለ!» ብላ ጮኸች። ስሕተቱን የነገራት ሳጥኑ ነው፤ መምህር እዚህ ጋ አፉን መያዝ አለበት።

ለአምስት ዓመቶቹ ዶቃ በሽቦ ሰካን፦ አንድ ፍሬ፣ አሥር ፍሬ የተሰካበት የአሥር ዘንግ፣ አሥር ዘንግ ጎን ለጎን የተያያዘበት የመቶ ካሬ። የሺውን ኪዩብ በዶቃ መሥራት ስለሚወደድ በዚያው መጠን ከእንጨት አስጠረብኩ።

መጀመር ለሚፈልግ ዘንጎቹና የእንዝርት ሳጥኑ ይቅደሙ፣ ዶቃው ይቆይ። ከእያንዳንዱ አንድ ብቻ ይበቃል፤ ምንጣፍ ላይ አንዱ ሲሠራ ሌላው ተራውን እየጠበቀ ያያል፣ እያየም ይማራል።