ከጥምቀት በኋላ አዋሽ

አባቴ ጎንደር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምሯል። እኔም ተማሪው ነበርኩ። ሰሌዳው ላይ አዋሽን በሰማያዊ ጠመኔ ሲስል ከጊንጪ አካባቢ ይነሳና አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ እጁን ያቆማል። «ባሕር ሳይደርስ እዚህ ያልቃል» ይለናል። ወንዙን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ዘንድሮ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ልወስደው ነው።

ቀን ለመምረጥ አልተቸገርንም። ጥምቀትን ትቶ ከጎንደር መውጣት የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ጥር 15 እንነሳለን። ቆላውም ጥር ላይ ለዘብ ይላል። በሰኔ ሙቀት ቢሆን አባቴን ይዤ አልሞክረውም ነበር። የአውሮፕላን ትኬቱን ግን ከአሁኑ መቁረጥ አለብኝ፤ በዚያ ሰሞን ወንበር አይገኝም። ከአዲስ አበባ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና፣ በአዳማና በመተሐራ በኩል።

እኔ በጣም የጓጓሁት ለሳላ ነው። ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ፊቱ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። ፀሐይ ስትበረታ የሰውነቱ ሙቀት ከፍ እንዲል ይተወዋል፤ ላቡን ይቆጥባል፤ ውሃ ሳይጠጣም ብዙ ቀን ይቆያል። እሱን ለማየት ጎህ ሲቀድ ሜዳው ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ረፋድ ላይ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

እናቴ ጋቢ ካልያዛችሁ አለች። «በረሃ እኮ ነው!» ብዬ ተከራከርኩ። ለካ ጥር ላይ እዚያም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጋቢው ገብቷል፤ ከዳቦ ቆሎው፣ ከወባ መከላከያውና ከአባቴ የደም ግፊት መድኃኒት ጋር።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። ፈንታሌ እሳተ ገሞራ ነው፤ ፓርኩም ከሥሩ ነው ያለው። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት ፓርኩ ጋ ደውዬ መንገዱንም ሁኔታውንም አጣራለሁ። ደህና አይደለም ካሉኝ ጉዞው ይቆያል።

ትናንት ማታ አባቴ የድሮ አትላሱን አውጥቶ አዋሽን በጣቱ እየተከተለ ቆየ። ከዚያ «ፏፏቴው ጋ ውሃው ድረስ ያስጠጋሉ?» አለኝ።

አዞ እንዳለ ነገርኩት።

«ከሩቅም ይበቃኛል» አለ።