ምን እንብላ ብሎ ነገር የለም

ቁጭ እንዳልን አስተናጋጇ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የማይስማማችሁ ምግብ አለ?» ከዚያ ወዲያ ምርጫ የለም። ቴስቲንግ ሜኑ ማለት ይኸው ነው። ምግቡ በትንሽ በትንሹ፣ በየተራው፣ ሼፉ ባሰበው ቅደም ተከተል ይመጣል። ሜኑ ይዤ ሩብ ሰዓት የምቆዝም ሰው ስለሆንኩ ጓደኛዬ «ተገላገልሽ!» አለችኝ። እውነቷን ነው።

መጀመሪያ የቀረበልን በትንሽዬ ብርጭቆ ውሃ የመሰለ ነገር ነበር። ቀለም የለውም፤ ሲሸት ግን ቲማቲም ነው። ቲማቲሙ ተፈጭቶ፣ በስስ ጨርቅ ተቋጥሮ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጠባጠብ ያደረ ነው አሉን። አይጨመቅም፤ ከተጨመቀ ይደፈርሳል። ቀዝቃዛ ነው፣ ጨው ጣል ተደርጎበታል። ሁለቴ ተጎነጨሁት፣ አለቀ።

ትንሽ ተናደድኩ። ግን ጥበቡ እዚያው ላይ ነው። አንድ ዓይነት ምግብ ደጋግመን ስንበላ የሚሰለቸን እሱ ብቻ ነው፤ ለሌላው ያለን ፍላጎት ብዙም አይነካም። የአመጋገብ ተመራማሪዋ ባርባራ ሮልስና ባልደረቦቿ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ጠግቤያለሁ ያለ ሰው ኬክ ሲመጣ እጁን የሚሰደው ለዚህ ነው። ሼፉም ሳንሰለች ይነጥቀንና ሌላ ያመጣል።

ሲበዛ ግን ይሄም ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተዘጋው ታዋቂው የስፔን ምግብ ቤት ኤል ቡሊ በአንድ ምሽት ከ30 በላይ ዓይነት ያቀርብ ነበር። እኔ አልችለውም። የእኛ 9 ነበር፣ እሱም በዛብኝ። በተለይ ዳቦው! ትኩስ ነው፣ ቅቤው ለስልሷል፣ ባለቀ ቁጥር ይተካል። እዚያ ላይ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ዋናው ገና አልመጣም።

ከሁሉም የወደድኩት ካሮቱን ነው። አዎ፣ ካሮት። በራሱ ጭማቂ ቀስ ብሎ በስሏል፤ ጭማቂው ተንኖ ተንኖ ወፍሮ፣ በቅቤ ተለውሶ ላዩ ላይ ያብለጨልጫል። ቢላ አያስፈልገውም። ሥጋው ደህና ነበር፤ ዓሣው ግን ማብራሪያ በዝቶበት ቀዘቀዘ። ማን እንዳጠመደው፣ በምን እንጨት እንደታጠነ… እባክሽ እንብላበት!

ጓደኛዬ መሀል ላይ ስልክ ልታነሳ ስትወጣ የእኔም ሳህን ሳይመጣ ቀረ። ወጥ ቤቱ የአንድ ጠረጴዛ ሰዎችን እኩል ነው የሚያበላው። አንዱ ከተነሳ ቀጣዩ ምግብ ይቆያል፣ የሚሠሩትም ሰዓታቸው ይዛባል። ስለዚህ ስልክ ከሚበዛበት ሰው ጋር አትሂዱ። ዝምተኛም አይሆንም፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊት ለፊት ተቀምጦ መጫወት አለ።

«ጠገብሽ ወይ?» ያላለኝ የለም። ጠግቤ አይቡን ትቼዋለሁ። እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ጊዜ ምሳ ላይ አጠር ያለ ሜኑ አላቸው፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል።