በአንድ ፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ደብተሮች

እናቴ ሁለት ደብተሮችን በአንድ ፌስታል ጠቅልላ ከፍራሽ ሥር ታስቀምጥ ነበር። አንደኛው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የከፈተችው የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ደብተር ሲሆን፣ ሁለተኛው አከራያችን በየወሩ ኪራይ ሲቀበሉ «ተከፍሏል» ብለው የሚፈርሙበት የተማሪ ደብተር ነው። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80፣ ማለትም የቤቱን ዋጋ ሃያ በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር ለሚከፈልበት የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም፣ ስትመዘገብ ባለ አንድ መኝታ ቤት መርጣ በወር 274 ብር መቆጠብ ጀመረች። ያን ጊዜ የምንኖረው በአንድ ግቢ ጓሮ በተሠራች ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነበር። መጸዳጃውን ከሌሎች አራት ተከራዮች ጋር እንጋራለን፤ ቆጣሪው የአከራያችን ስለሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጠቀም አይፈቀድልንም፤ ስለዚህ እንጀራ የምንበላው ከጉሊት እየገዛን ነበር።

በአራት ዓመት ውስጥ ኪራዩ ሦስት ጊዜ ጨመረ። ጭማሪው የሚነገረን ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ብዙውን ጊዜም ማታ በር ተንኳኩቶ ነው። ከዓመታት በኋላ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው፣ በባንኩ ደብተር ላይ ምንም ገንዘብ ያልገባባቸው ወራት ኪራይ ከተጨመረባቸው ወራት ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ። የራሷን ቤት እንድታገኝ የታሰበላትን ቁጠባ የበላው፣ ቤቱ እስኪደርሳት የምትጠለልበት ክፍል ኪራይ ነበር።

በአገራችን ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ የሚታሰበው የቤት ድጋፍ በአብዛኛው ባለቤት ከማድረግ ይጀምራል። ለድሃው ተብሎ የተዘጋጀው 10/90 እንኳ በወር 187 ብር ቁጠባ የሚጠይቅ ነበር። ዕጣ ከደረሳቸው መካከልም ቅድሚያ ክፍያውና የባንክ ዕዳው ስለከበዳቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ክፍል መኖራቸውን የቀጠሉ ብዙ ናቸው። ድሃ ተከራይ በተከራይነቱ ጥበቃ ያገኘው በቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌዎች ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ለአሥርተ ዓመታት ዝቅ ብሎ ቆየ። ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና ስለማይበቃ ቤቶቹ ማርጀታቸውና ጣሪያቸው ማፍሰሱ አይካድም። ይሁን እንጂ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ልብስ አጣቢዋና የቀን ሠራተኛው የዕለት እንጀራቸውን ከሚያገኙበት መሐል ከተማ ሳይርቁ እንዲኖሩ ያስቻሏቸው እነዚሁ ቤቶች ናቸው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ከልቤ ተደስቻለሁ። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም መንግሥት ከሚወስነው ጣሪያ ሳያልፍ እንዲሆን ደንግጓል። ነገር ግን የሰርቪስ ክፍል ተከራይ ውሉ በቃል ነው፤ «ውሉን ጽፈን ወረዳ እናስመዝግብ» ብሎ ቢጠይቅ «እንግዲያውስ ክፍሉን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» እንዳይባል ይፈራል። ደፍሮ የጠየቀም ቢሆን ከሚከፍለው ያነሰ ገንዘብ በተጻፈበት ውል ላይ እንዲፈርም ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ የወረዳ ሠራተኞች ተዋዋዮች እስኪመጡ ከመጠበቅ ይልቅ በየግቢው እየዞሩ ቢመዘግቡ፣ ተከራዩ ጠያቂ ሆኖ በአከራዩ ዓይን ከመግባት ይድናል። ከዚህም በላይ መንግሥት ለሽያጭ ከሚሠራቸው ቤቶች የተወሰኑትን፣ ለጥገና የሚበቃ መጠነኛ ኪራይ ተምኖ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቢያከራይ እመኛለሁ።

እናቴ አሁን ሌላ ሰፈር፣ በሌላ ክፍል ትኖራለች። የአሁኗ አከራይ ወረዳ ድረስ አብረዋት ሄደው ውሉን አስመዝግበዋል፤ የተጻፈውም በትክክል የምትከፍለው ገንዘብ ነው። እናቴ ያን ውል ከሁለቱ ደብተሮች ጋር በዚያው ፌስታል ጠቅልላ አስቀምጣለች፤ ቁጠባውንም ካቋረጠችበት ቀጥላለች።